ጸሎቴ ከአንገት በላይ ሆነብኝ፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በፈጣሪ አምናለሁ፤ በዚህ ጥርጣሬ የለኝም። ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም። ረፋድ ላይ ግን ደንበኛ ይደውልና «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ሲለኝ፣ እንደማይደርስ እያወቅሁ «ነገ ይደርሳል» እላለሁ። ከሥሬ ያለችውን ልጅ በሰው ፊት እቆጣታለሁ። ማታ ያንኑ ጸሎት እደግማለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ሥራ ሥራ ነው፣ ፈጣሪም ይረዳል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «የማይሰማሽን ጸሎት መደጋገም ግብዝነት ነው፤ ተዪው። መጀመሪያ እምነትሽን አስተካክዪ፣ ምግባሩ በራሱ ጊዜ ይከተላል» አለኝ። እውነቱን ነው? የሚቀድመው የቱ ነው፤ እምነት ወይስ ኑሮ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ዕድሜሽን ስለነገርሽኝ «አንቺ» ልበልሽ። ሃይማኖትሽን አልጠቀስሽም። ደግ አደረግሽ፤ ጥያቄሽ የሁሉም ነውና። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ሥራዬ ሃይማኖተኛ ሰዎች ከአምልኮ ቦታቸው ከወጡ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ማጥናት ነው። የምመልስልሽም ከዚያ በኩል ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሎቱን አትተዪው። ወንድምሽ ግብዝነትን መፍራቱ ትክክል ነው። መድኃኒቱን ግን አልወደድኩለትም። እንዲያውም ከጻፍሽልኝ ውስጥ የከነከነኝ «አይሰማኝም» ያልሽው ሳይሆን «ፈጣሪም ይረዳል» ያልሽው ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ስሜቱን እንይ። ብዙ ሰው የእምነቱን ጤንነት የሚለካው በጸሎት ሰዓት በሚሰማው ነገር ነው። ዕንባ ከመጣ እምነቱ አለ፤ ካልመጣ ጠፍቷል። በዚህ ሚዛን ከሄድን በዓለም ላይ ከተከበሩት ሃይማኖተኞች ብዙዎቹ ይወድቃሉ። ማዘር ተሬሳ ከሞቱ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ የግል ደብዳቤዎቻቸው ታተሙ። ያነበበው ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሴትየዋ ለ50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጸልዩ የሚሰማቸው ባዶነት ነበር። ለንስሐ አባቶቻቸው ደጋግመው ጽፈውታል። በዚያው ጊዜ ግን በየጠዋቱ ተነሥተው ይጸልዩ ነበር፤ የሚሞቱትንም ያነሱ ነበር። ይህን ግብዝነት የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአል-ገዛሊ ታሪክ ነው። የእስልምና ሊቁ አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (1058–1111) በባግዳድ በታወቀው የኒዛሚያ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ስሙ የገነነ፣ ተማሪው የበዛ ሰው ነው። አንድ ቀን ራሱን ሲመረምር የሚያስተምረው ለፈጣሪ ብሎ ሳይሆን ለክብርና ለዝና መሆኑን አየ። ትምህርቱ ከአንገት በላይ ሆኖበታል ማለት ነው። ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ቀጥሎ የሆነውን ይተርካል። ለስድስት ወር ያህል «ልሂድ፣ ልቅር» እያለ ሲያወላውል ከረመ። ከዚያ አንደበቱ ተያዘ። ተማሪዎቹ ፊት ተቀምጦ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። ምግብም አልወርድለት አለ። ሐኪሞቹ መርምረውት በሽታው ከልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። በ1095 ባግዳድን ጥሎ ወደ ደማስቆ ሄደ።

ወንድምሽ ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ እሱም ተወው!» ሊልሽ ይችላል። ልብ በይ፤ የተወው ወንበሩን ነው። ጸሎቱን እንዲያውም አበዛው። የቆረጠው ውሸቱ የገባበትን ቦታ ነው። ያንቺስ ውሸት የገባው የት ነው? በጻፍሽልኝ መሠረት ጠዋት ስትጸልዪ ማንንም አላታለልሽም። ያታለልሽው ረፋድ ላይ ነው፤ ስልክ ላይ። ወንድምሽ ግን ተዪ የሚልሽ የጠዋቱን ነው።

አል-ገዛሊ ከዚያ በኋላ የጻፈው ትልቁ ሥራው 40 መጻሕፍት አሉት፤ በአራት ተከፍሎ። የመጀመሪያው ሩብ ስለ አምልኮ ነው። ሁለተኛው ሩብ ሙሉ በሙሉ ስለ ዕለት ኑሮ ነው፤ ስለ አመጋገብ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ንግድና እንጀራ ማግኛ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ጉዞ። እምነቱ ከልቡ እንዳልሆነ ደርሶበት ያን ያህል የተሰቃየ ሰው፣ ሲድን ስለ ልብ ብቻ አልጻፈም። የሥራውን ሩብ ለገበያና ለማዕድ ሰጠ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ሁለተኛ አባባል እንሂድ። «እምነትሽን አስተካክዪ፣ ምግባሩ ይከተላል።» በእሱ አሳብ እምነት አለቃ ነው፤ ኑሮ ታዛዥ ነው። አለቃው ቀና ካለ ታዛዡም ቀና ይላል። ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለን! በተግባር የሚታየው ግን እንዲህ አይደለም።

ፍሬድሪክ ዳግላስ በአሜሪካ ከባርነት አምልጦ ለባሪያ ነፃነት የታገለ ሰው ነው። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ጌታው ይነግረናል። ጌታው በ1832 በአንድ የሜቶዲስቶች የጸሎት ጉባኤ ላይ ሃይማኖት አገኘ። ዳግላስ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ወይ ባሮቹን ነፃ ይለቃል፣ ወይ ቢያንስ ይራራል ብሎ። ሰውየው ጠዋት ማታ የሚጸልይ፣ ቤቱ የሰባኪዎች ማረፊያ የሆነ ሰው ሆነ። ጭካኔው ግን ባሰ። አንዲት አካል ጉዳተኛ ወጣት ሴት አስሮ፣ ልብሷን ገልጦ፣ ደም እስኪፈስ እየገረፈ ጥቅስ ይጠቅስ ነበር፤ «የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገ ባሪያ እጅግ ይገረፋል» የሚለውን። ከማመኑ በፊት ለጭካኔው ምክንያት አልነበረውም። ካመነ በኋላ ምክንያት አገኘለት።

ይህ ሰው ግብዝ ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ጉዳዩ ከዚያ ይከብዳል እላለሁ። የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚከበረው በባሪያ ጉልበት ነበር። አዲሱ እምነቱ ያንን ኑሮ አልነካውም። ስለዚህ ኑሮው እምነቱን ነካው፤ በራሱ ልክ ቀደደው፣ ሰፋው። በዚያው አገር፣ በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ባሮቹ ደግሞ የሙሴንና የፈርዖንን ታሪክ ይዘው ስለ ነፃነት ይዘምሩ ነበር። መጽሐፉ አንድ ነው። ከየትኛው ኑሮ ላይ ቆመው እንዳነበቡት ግን አንድ አይደለም።

«ፈጣሪም ይረዳል» ያልሽው ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። አትሳቀቂ፤ ከባሪያ አሳዳሪ ጋር እያወዳደርኩሽ አይደለም። አካሄዱን ብቻ እዪው። በቀን አንድ ጊዜ ትዋሻለሽ። ውሸቱ ከምታምኚው ጋር ይጋጫል። ከሁለት አንዱ መላወስ አለበት። ውሸቱን ካላቆምሽ የምታምኚው ፈጣሪ ቀስ በቀስ ይለወጣል። መጀመሪያ «ይረዳል»። ቀጥሎ «እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይቆጥርም»። በመጨረሻ የሽያጭ ክፍሉን በር አልፎ የማይገባ ፈጣሪ ይኖርሻል። ለዚህ ፈጣሪ ስትጸልዪ ምንም ባይሰማሽ አይገርመኝም። ስለዚህ ጸሎትሽ የደረቀው ምናልባት ጸሎቱ ላይ ባለ ችግር ላይሆን ይችላል።

ሰው በአፉ የሚመሰክረው ፈጣሪና በዕለት ኑሮው የሚያስበው ፈጣሪ ሊለያዩ እንደሚችሉ የሚያሳይ አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ። ጀስቲን ባሬትና ፍራንክ ኬል በ1996 ያሳተሙት ነው። ሰዎችን «ፈጣሪ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ መሆን ይችላል?» ብለው ጠየቋቸው። «አዎ፣ እንዴታ!» አሉ። ከዚያ አጭር ታሪክ አስነበቧቸው። አንድ ልጅ ሲዋኝ እግሩ በቋጥኝ መሃል ይያዝና ይጸልያል። ፈጣሪ በሌላ የዓለም ጥግ የሌላ ሰው ጸሎት እየመለሰ ነው፤ ልጁንም ያድነዋል። ሰዎቹ ታሪኩን መልሰው እንዲናገሩ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «ፈጣሪ የዚያኛውን ጨርሶ ወደ ልጁ መጣ» እያሉ አስታወሱት። ታሪኩ እንደዚያ አይልም። በአፋቸው ወሰን የለውም ያሉትን ፈጣሪ በሐሳባቸው ተራ ሲያስጠብቁት ነበር። ትምህርተ ሃይማኖቱ ጠፍቷቸው አይደለም። ታሪክ ሲከታተል አእምሯቸው የሚጠቀመው በየቀኑ የሚያያቸውን ሰዎች መልክ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ክፉ የሚወስድ አይደለም። ሕጉ ራሱ የተሠራው ከኑሮ በሚመጣ ጥያቄ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ከነጋዴ፣ ከመበለት፣ ከመንገደኛ የመጡ ጥያቄዎችን እየመለሱ ጽፈዋል። ሙሴ ማይሞኒደስ (1138–1204) ለእንዲህ ዓይነት ጠያቂዎች ከመለሳቸው ውስጥ በገዛ እጁ የጻፋቸው በድሮዋ ካይሮ ምኩራብ ዕቃ ቤት ተገኝተዋል። በእስልምናም ሙፍቲው (የሃይማኖት ሕግ ሊቁ) ፈትዋ፣ ማለትም የሕግ መልስ፣ የሚሰጠው ጠያቂ ሲመጣ ነው። አንቺም ዛሬ ያደረግሽው ይኸንኑ ነው፤ ከቢሮ ተነሥተሽ ስለ ፈጣሪ ጠየቅሽ።

ወደ አንቺ ረፋድ ልመለስ። ጠዋት ጸልያ የወጣች ሴት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ለምን ትዋሻለች? የተለመደው መልስ «እምነቷ ስላልጠነከረ» የሚል ነው። በሙያችን በጣም የታወቀ አንድ ሙከራ ሌላ ነገር ይነግረናል።

በ1973 የታተመ ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎችን ወሰዱ። ተማሪዎቹ አጭር ንግግር እንዲያዘጋጁ ተነገራቸው። ገሚሶቹ ርዕሳቸው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር፤ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘን ሰው ስላነሣው መንገደኛ። ንግግሩን ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ መሄድ ነበረባቸው። መንገዱ ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተቆራምዷል። አንገቱን ደፍቷል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ተማሪው ሲያልፍ ያስላል፣ ያቃስታል። የአጥኚዎቹ ሰው ነው፤ ተማሪዎቹ ግን አያውቁም። ከመነሣታቸው በፊት ለአንዳንዶቹ «አርፍደሃል፣ እየጠበቁህ ነው፣ ፍጠን» ተባሉ። ለአንዳንዶቹ ሰዓቱ ገና ነው ተባሉ።

ካልተጣደፉት 63 በመቶው ቆመው ረዱ። በጣም ከተጣደፉት የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊያስተምር መሄዱ ሰውን ይበልጥ አላስቆመውም። እንዲያውም ስለ ሳምራዊው ሊናገር እየሮጠ ሰውየውን ተራምዶ ያለፈ ነበር። አጥኚዎቹ የእያንዳንዱን ተማሪ የሃይማኖተኝነት ዓይነት አስቀድመው በመጠይቅ ለክተው ነበር። ማን እንደሚቆም ማን እንደማይቆም ከዚያ መተንበይ አልተቻለም። የለየው ጥድፊያው ነው።

ለእነዚህ ልጆች «እምነታችሁን አስተካክሉ» ማለት ምን ይጠቅማቸው ነበር? የሚያምኑትን ያውቁታል፤ በብብታቸው ይዘውታል። የጎደለው በዚያች ደቂቃ፣ በዚያች በር ሥር፣ የሚያምኑት ነገር ትዝ የሚላቸው መንገድ ነው። ያንቺም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል። ስልኩ ይጮኻል። ደንበኛው ተቆጥቷል። አለቃሽ ምናልባት ከኋላሽ ቆሟል። የጠዋቱ ጸሎት በዚያ ሰዓት ሩቅ አገር ነው።

ይህን የሚደግፉ ሌሎች ጥናቶችም አሉ። ዲፓክ ማልሆትራ በ2010 ባሳተመው ጥናት ለበጎ አድራጎት የሚደረግ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ የሚሳተፉ ሰዎችን ተከታተለ። ሃይማኖተኛ ክርስቲያኖች «ለበጎ ሥራ ነው» ለሚለው ጥሪ ከሌሎቹ ይልቅ እጃቸውን የሚዘረጉት እሑድ እሑድ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ልዩነት አልታየም። በ2015 ደግሞ በማራከሽ ባለሱቆች ላይ የተደረገ ሙከራ ታተመ። ገንዘቡን ለራሳቸው ከመያዝና ለምጽዋት ከመስጠት እንዲመርጡ ሲጠየቁ፣ የአዛን ድምፅ እየተሰማ የተጠየቁት ይበልጥ ለጋስ ሆኑ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፤ እምነታቸውም ያው። ድምፁ ሲኖር እምነቱ እጅ ላይ ደረሰ። (ሰዎችን በቤተ ሙከራ አስቀምጦ ሃይማኖታዊ ቃላት በማስነበብ ቸር ለማድረግ የተሞከረው ግን ሲደገም አልሠራም። ስለዚህ ጉዳዩ ቃል ጣል አድርጎ ማለፍ አይመስልም። ከሕይወት ጋር የተሳሰረ ነገር ይፈልጋል።)

ደወሉ፣ አዛኑ፣ መቁጠሪያው፣ በበር መቃን ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ ከእነዚህ ጥናቶች በሺህና በሁለት ሺህ ዓመት ይቀድማሉ። የጥንቶቹ ሰዎች ሰው ረሺ መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቁ ነበር።

«ጸሎት ጸሎት ነው፣ ሥራ ሥራ ነው» የሚለውን ክፍፍል ደግሞ ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፤ ከጥንቶቹ መጻሕፍት እንዳላመጣነው ግን እርግጠኛ ነኝ። ነቢዩ አሞጽ «ሰንበቱ መቼ ባለፈና እህል በሸጥን» የሚሉ ነጋዴዎችን ይወቅሳል። ሰንበትን ያከብራሉ፤ ሱቃቸውን ዘግተዋል። ግን በልባቸው መስፈሪያውን እያሳነሱ፣ ሚዛኑን እያዛቡ ነው የሚያከብሩት። በቁርአን 83ኛው ምዕራፍ «ሚዛን አጉዳዮች ወዮላቸው» ብሎ ይጀምራል። 107ኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ወዮ የሚለው ለሰጋጆች ነው። ስግደታቸውን ለሚዘነጉት፣ ለታይታ ለሚያደርጉት፣ ለጎረቤት ትንሽ የቤት ዕቃ እንኳ ለሚከለክሉት። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት መጽሐፍ በሆነው በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ ሰው ለፍርድ ሲቀርብ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያው «ንግድህን በታማኝነት አካሂደሃል?» የሚል ነው። ሕጉን አጥንተሃል ወይ የሚለው ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ለሽያጭ ሠራተኛ ይህ ቅደም ተከተል ትንሽ አያስደነግጥም?

ከሁሉ የምወደው ግን የአንድ ጠላት ምስክርነት ነው። በ112 ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ሰሜን፣ ክርስቲያኖችን ይዞ ይመረምር ነበር። ያገኘውን ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ጻፈ። ሰዎቹ በተወሰነ ቀን ከንጋት በፊት ይሰበሰባሉ ይላል። ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ። ከዚያ ይማማላሉ። ለምን? ፕሊኒ ሤራ ጠርጥሮ ነበር። መሐላው ግን ላለመስረቅ፣ ላለመዝረፍ፣ ላለማመንዘር፣ ቃላቸውን ላለማጠፍ፣ አደራ ሲጠየቁ ላለመካድ ነበር። በጨለማ ዘምረው፣ ሲነጋ ቃላቸውን ይዘው ወደ ገበያ ይወጣሉ። በጸሎቱና በውሎው መሃል ድልድይ አድርገዋል፤ የተለየ፣ በስም የተጠራ። «ደግ እንሁን» አላሉም። «ቃላችንን አናጥፍ» አሉ።

ያንቺ ጠዋት ያጣው ይህንን ይመስለኛል። ስለዚህ ምክሬ እዚህ ላይ ነው።

ጸሎትሽን አታስረዝሚ። መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጨምሪ፤ አንድ ብቻ። «ደንበኛ ደውሎ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቀኝ፣ ካላወቅሁት አላውቅም እላለሁ።» በዚህ መልክ፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ሐሳብ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እውነተኛ እሆናለሁ» ከሚለው የተሻለ እንደሚፈጸም የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ጎልዊትዘር በብዙ ሙከራ አሳይቷል። ፉከራ ቀላል ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ይጠፋል። ስልኩ አጠገብ አንድ ምልክት አስቀምጪ። ሃይማኖትሽ የሚፈቅደው ማንኛውም ነገር ይሁን። የሚያይሽ ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል፤ ያለበለዚያ ነገሩ ለታይታ ይሆናል። ስልኩን ከማንሣትሽ በፊት አንድ ትንፋሽ። ይኸው ነው። የፕሪንስተኑ ልጅ ያጣው ይህችን አንድ ትንፋሽ ነበር።

ማታ ደግሞ ያንኑ ጸሎት ከመድገምሽ በፊት ውሎሽን ቁጠሪ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ኅሊናን መመርመር ይሉታል፤ መሥራቻቸው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በየቀኑ እንዲደረግ አዝዟል። ሙስሊሞች ሙሐሰባ ይሉታል። አይሁድም የራሳቸው አላቸው። ስድስት ጥሪ ተቀበልሽ እንበል። ስንቱ ላይ ዋሸሽ? «ዛሬ ክፉ ነበርኩ» ማለት አይጠቅምሽም፤ ደንበኛውን በስሙ ጥሪው። «ለእገሌ ነገ ይደርሳል ብዬዋለሁ፤ አይደርስም።» በማግስቱ ደውይለትና አስተካክዪው። ይህ ይከብዳል። ደንበኛው ይጮህብሽ ይሆናል። ግን እመኚኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ የደወለ ሰው አራተኛው ላይ መዋሸት ይሰለቸዋል።

ዋጋ መክፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። አንትሮፖሎጂስቱ ጆሴፍ ሄንሪክ በ2009 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሰው የሌላውን እምነት የሚቀበለው ንግግሩን ሰምቶ ብቻ አይደለም ይላል። ሰውየው ለሚለው ነገር ምን ዋጋ እንደከፈለ ያያል። አፍ ብቻ ከሆነ አይቀበልም። ከሥርሽ ያለችውን ልጅ አስቢያት። ጠዋት እንደምትጸልዪ ታውቅ ይሆናል። ስለ እምነትሽ የምታውቀው ግን በሰው ፊት ስትቆጪያት ያየችውን ነው። የተቆጣሻት በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ጓዳ ጠርቶ «ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው» ማለት ለአንቺ ይቀልሻል፤ ለእሷ ግን አይበቃትም።

ይህን ሁሉ ብታደርጊ ስሜቱ ይመለሳል ወይ? ቃል አልገባልሽም። ለአንዳንዱ ይመለሳል፤ ለአንዳንዱ አይመለስም። የማዘር ተሬሳን ነግሬሻለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ባዶነቱ ጸሎት ላይ ብቻ ነው? ወይስ ከወዳጅ ጋር መሳቅም፣ መብላትም፣ መተኛትም ጣዕም አጥቶብሻል? ሁለተኛው ከሆነና ሳምንታት ካስቆጠረ ሐኪም አማክሪ። የመንፈስ ድርቀት የሚመስል ድባቴ ብዙ አይቻለሁ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ስላደረግሽ ሁሉም ይስተካከላል ብለሽ አትጠብቂ። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ማርክ ቼቭስ ሃይማኖተኛ ሰው በየቦታውና በየሰዓቱ እምነቱን ተከትሎ ይሠራል ብለን መጠበቃችንን ራሱን ስሕተት ይለዋል። የሰው ልጅ እንዲህ ወጥ አይደለም። በስልኩ ላይ ታማኝ ስትሆኚ ምናልባት ቤት ውስጥ ቁጡ ትሆኛለሽ። ይህ ሲሆን «ያው ግብዝ ነኝ» ብለሽ ሁሉን አትጣዪ። የስልኩ እውነት ነበር፤ የቤቱ ደግሞ ሌላ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው።

ለወንድምሽ ምን ትመልሺለታለሽ? ጠብ አታንሺ። የሚቀድመው የቱ ነው ለሚለው ጥያቄሽ እኔ አንዱን መምረጥ አልችልም፤ ሁለቱ እየተመላለሱ ሲሠራሩ ነው ያየሁት። ዛሬ ግን እጅሽ የሚደርስበት ኑሮው ነው። «እምነቴን አስተካክላለሁ» ብለሽ ብትቀመጪ ከየት ትጀምሪያለሽ? «ነገ ይደርሳል» አለማለትን ግን ነገ ጠዋት መጀመር ትችያለሽ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ምናልባትም ዋናው። «አላውቅም» ማለት ስትጀምሪ አለቃሽ ምን ይላል? ወደ እሱ ሄደሽ «ለደንበኛ የምነግረው ትክክለኛ ቀን ስጠኝ» በዪው። ብዙ አለቃ ይህን ሲሰማ ይተባበራል፤ የተዋሸ ደንበኛ እንደማይመለስ እሱም ያውቃል። ካልተባበረ፣ ውሸቱ የአንቺ ድካም ሳይሆን የሥራው መመሪያ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ቡድሃ ካስተማረው ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አንዱ ትክክለኛ መተዳደሪያ ነው። ተከታዮቹ እንዳይነግዷቸው በስም የተከለከሉ አምስት ንግዶችም አሉ፤ የጦር መሣሪያ፣ የሰውና የእንስሳ፣ የሥጋ፣ የአስካሪ መጠጥ፣ የመርዝ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንዳንድ ሥራ ውስጥ ሆነሽ የፈለግሽውን ያህል ብትጸልዪ ሥራው ያሸንፍሻል። ያንቺ እዚያ ይድረስ አይድረስ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። አለቃሽን ጠይቀሽ ግን ታውቂዋለሽ። መልሱ «ዝም ብለሽ ነገ በያቸው» ከሆነ፣ ስለ ጸሎት መጨነቅሽን ለጊዜው ተዪውና ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ።